የሴቶች ታሪክ ምንጮች ፍለጋ፦ ከብራና ኅዳግ እስከ ኢንተርኔት

ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች ታሪክ በተነሣ ቁጥር ከመምህራንም ሆነ ከጸሐፊያን አንደበት የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ «ምንጭ የለም» የሚል። በዚህም የተነሣ በየትምህርት ቤቱ የሚነገረው የሴቶች ታሪክ ከአምስት ስሞች እምብዛም አልዘለለም። ንግሥተ ሳባ፣ ዮዲት ጉዲት፣ ንግሥት እሌኒ፣ እቴጌ ምንትዋብ፣ እቴጌ ጣይቱ ተብሎ ይቆጠርና ወዲያው ወደ ነገሥታቱ ጦርነት ይታለፋል። ከአምስቱም የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የምናውቃቸው ይበልጡን ከትውፊት ነው። የተውኔት ደራሲውም ሆነ ሠዓሊው ካለፈው ዘመን አንዲት ሴት መርጦ በመድረክ ወይም በሸራ ላይ ሊያቆም ሲነሣ፣ ዘውድ ያልደፋች ሴት ስለማያገኝ እነዚያኑ ባለዘውዶች መልሶ መላልሶ ይጠራል። የቀረችው የአገሪቱ ሴት ሁሉ፣ አራሟም ፈታይዋም፣ መነኩሲቷም ነጋዴዋም፣ ስም የሌላት አጃቢ ሆና ትቀራለች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምንጭ የለም የሚለው አባባል እውነት አለመሆኑን ማስረዳት ነው። ምንጭ አለ፤ ያለው ግን በሌላ ሰው ስምና በሌላ ርእስ ሥር ተመዝግቦ ነው። ዛሬ ደግሞ ከዚህ ምንጭ ከፍ ያለው ክፍል በፎቶግራፍ ተነሥቶ በኢንተርኔት አማካይነት ለማንኛውም አንባቢ ቀርቧል። ይሁን እንጂ የሴቲቱን ስም ሸፍኖ የኖረው የቀድሞ ካታሎግ ከመጽሐፉ ምስል ጋር አብሮ ወደ ኢንተርኔት ስለገባ፣ ፈላጊው የአፈላለጉን ስልት ካላወቀ በስተቀር በሩ ተከፍቶለት ሳለ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ምንጭ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ዜና መዋዕል ነው። ዜና መዋዕል ግን የቤተ መንግሥት መጽሐፍ ነው፤ የሚጻፈውም ለንጉሡ ክብር ነው። ሴት በዚያ ውስጥ የምትነሣው ንጉሥ ስትወልድ፣ ለንጉሥ ስትዳር፣ ወይም በንጉሥ ላይ ስታድም ነው። እርግጥ ነው፣ ከዚህ ወጣ የሚል አይጠፋም። ኢጣሊያዊው ኢግናጽዮ ጉይዲ እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1912 ባሉት ዓመታት ያሳተመው የዳግማዊ ኢያሱና የኢዮአስ ዜና መዋዕል ስለ ምንትዋብ የሚተርክባቸው ገጾች ጥቂት አይደሉም፤ የኅትመቱም ዘመን የራቀ ስለሆነ መጽሐፉ በኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በነጻ ይነበባል። ቢሆንም ከዚያ የምናገኘው የእቴጌይቱን ግርማ ነው፤ የዘመኑን ሴቶች ኑሮ አይደለም።

የኑሮው ምንጭ ያለው በኅዳግ ላይ ነው። የብራና መጽሐፍ ሲዘጋጅ ጸሐፊው የገጹን ዳርና ዳር እንዲሁም በመጀመሪያና በመጨረሻ ያሉትን ጥቂት ቅጠሎች ባዶ ይተዋል። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ከዘመን ወደ ዘመን ያልሰፈረ ጉዳይ የለም፤ የመሬት ሽያጭ፣ የርስት ክፍያ፣ ኑዛዜ፣ የጉልት ስጦታ፣ የዋስትና ውል፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቆጠራ ሁሉ እዚያ ይጻፍ ነበር። ወንጌሉ ወይም ስንክሳሩ የደብሩ ንብረት ስለሆነና የተጻፈበትንም የሚፍቅ ሰው ስለሚወገዝ፣ ከእርሱ የበለጠ የታመነ የውል መዝገብ በአገሩ አልነበረም። በጎንደር ዘመን በተለይም በ18ኛው መቶ ዓመት እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች እጅግ በዝተዋል። ሻጩና ገዢው በስም ይጠቀሳሉ፤ ዋጋው በወቄት ወርቅ ወይም በአሞሌ ይገለጻል፤ እማኞቹና ዋሱ ይቆጠራሉ፤ ንጉሡና አለቃውም ማን እንደነበሩ ይነገራል።

የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እነዚህን የጎንደር ውሎች፣ በተለይም ሪም የሚባለውን የካህናት መሬት ሽያጭ የሚመለከቱትን፣ አንድ በአንድ ሲመረምር ያገኘው ነገር የብዙዎችን ግምት የሚለውጥ ነበር። ሴቶች በውሎቹ ውስጥ በሻጭነትም፣ በገዢነትም፣ በወራሽነትም ተገኝተዋል፤ ለዚያውም በራሳቸው ስም። እ.ኤ.አ. በ1981 በጎንደር ዘመን ስለ ሴቶችና ስለ መሬት ያሳተመው ጥናት እስከ ዛሬ ድረስ መነሻ ሆኖ የሚጠቀስ ነው። ርስት በእናትም በአባትም በኩል የሚወረድበት አገር በመሆኑ ነገሩ ሊያስደንቀን አይገባም ነበር። ያስደነቀን ውሎቹን ስላላነበብናቸው ነው። እርግጥ ክራሚ ራሱ እንዳመለከተው በብዛት የሚገኙት ወይዛዝርቱና የመኳንንቱ ወገን ናቸው፤ መሬት ያልነበራት ሴት በመሬት ውል ውስጥ አትገኝም። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ታዲያ እነዚህ መጻሕፍት የት ናቸው? ብዙዎቹ ዛሬም በየደብሩና በየገዳሙ ዕቃ ቤት አሉ። ሌሎቹ ግን በስጦታ፣ በግዢና በዘረፋ ባሕር ተሻግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ በወደቀ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፋቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጠዋል። አፄ ቴዎድሮስ ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰቡትን ያን ስብስብ ያከማቹት በአብዛኛው ከጎንደር አድባራት ስለነበር፣ አንዲት የጎንደር ወይዘሮ መሬቷን ለማን እንደሸጠች የሚጠይቅ ሰው መልሱ ለንደን ሊሆን ይችላል። ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ እ.ኤ.አ. እስከ 1848 በአገራችን በቆየባቸው ዓመታት ያከማቻቸው መጻሕፍት በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም ጋሊካ በተባለው የዚያ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ቅጠል በቅጠል ይታያሉ።

ከሁሉ የሰፋው ግን በአገራችን በራሱ ተጀምሮ ውጭ አገር የተፈጸመው ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የተባለውን ፕሮግራም መሠረተች። ሥራው በ1966 የመጣው የመንግሥት ለውጥ ሳያቆመው ቀጥሎ ከ8,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀር ሌላው በሚኔሶታ ክፍለ ሀገር በኮሌጅቪል ከተማ፣ ዛሬ ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በሚባለው ቦታ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ለዚህ ስብስብ ሰጥተዋል። እስከ 1993 ድረስ በ10 ጥራዞች የወጣው ካታሎግም ከእጃቸው የማይለይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ቤተ መጻሕፍቱ የንባብ ክፍሉን በኢንተርኔት ስለከፈተ፣ ስሙን ያስመዘገበ አንባቢ ሁሉ ምስሎቹን ያለ ክፍያ ያያል። (በማይክሮፊልም ማንበቢያ መሣሪያ ፊት ተቀምጦ ዓይኑ የቀላ ሰው ብቻ የዚህን ለውጥ ዋጋ በውል ያውቀዋል።)

በጀርመን አገር በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉት የኢትዮጵያ ጥናት ሊቃውንት ደግሞ በመጀመሪያ ኢትዮ ስፓሬ በተባለው ፕሮግራም የትግራይን አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት አነሡ፤ ከ2016 ጀምሮም ቤተ መጻሕፍት በሚል የግእዝ ስም የየስብስቡን መግለጫ የሚያገናኝ መዝገብ በማዘጋጀት ላይ ናቸው። በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚተዳደረው ለአደጋ የተጋለጡ ቤተ መዛግብት ፕሮግራም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብራናዎች ጭምር በዲጂታል ምስል አስቀርቷል። ለሠዓሊያን የሚጠቅመው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተደራጀው መዝገበ ሥዕላት ነው። በጣና ደሴት በደቅ ባለው በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የምትታይበት ሥዕል አለ። ያ ሥዕል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ አሠሪዋ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደለበሰችና ራሷን በምን አኳኋን ልታሳይ እንደፈለገች የሚናገር ሰነድ ነው።

እስካሁን የተባለው የቦታ ነገር ነው። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው። አንባቢ ከእነዚህ መዝገቦች አንዱን ከፍቶ «ሴት» ወይም «የሴቶች ታሪክ» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ካታሎግ አዘጋጁ የመጽሐፉን ዋና ይዘት እንጂ በኅዳጉ ላይ ያለውን ሁሉ አይመዘግብም፤ ቢመዘግብም «የመሬት ጉዳይ ማስታወሻ» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ፈላጊው መጠየቅ ያለበት በዛሬው የጥናት ቋንቋ ሳይሆን በሰነዱ ቋንቋ ነው።

እዚህ ላይ የገዛ ቋንቋዎቻችን ሰዋስው ይረዳናል። እንግሊዝኛው የሸጠውን ከሸጠችው አይለይም፤ ግእዝና አማርኛ ግን ይለያሉ። «አጽሐፈት» የሚል ግሥ ከተገኘ መጽሐፉን ገንዘብ አውጥታ ያስጻፈችው ሴት ናት። «ወሀበት» ካለ የሰጠችው፣ «ሤጠት» ካለ የሸጠችው፣ «ተሣየጠት» ካለም የገዛችው ሴት ናት። በአማርኛ በተጻፉት ውሎች ዘንድ ያቺ በግሡ ጫፍ ላይ ያለች «ች» ምልክት ናት። በጸሎት መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ የባለቤቱ ስም በየጸሎቱ መካከል ይገባል፤ ለወንድ «ገብርከ»፣ ለሴት «አመትከ» ይባላል። ስለሆነም አንድ መዝሙረ ዳዊት ወይም አንድ የማርያም ውዳሴ «ለአመትከ ወለተ» እያለ የሚሄድ ከሆነ፣ ያ መጽሐፍ በአንዲት ሴት እጅ የነበረ ነው። አንዳንድ ጊዜ የፊተኛዋ ስም ተፍቆ የኋለኛዋ ተተክቶበት ይገኛል፤ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ማለፉን የሚመሰክረው ያ ፍቀት ነው። ይህን ማንም ካታሎግ በሙሉ አልያዘውም፤ ምስሉን እየገለጡ ማየት ግድ ነው።

ሁለተኛው ችግር ስም ነው። በቀድሞ ዘመን አንዲት ታላቅ ሴት ሁለትና ሦስት ስም ነበራት። ሕዝቡ ምንትዋብ የሚላት እቴጌ የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1730 ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሥ አብራው ዘውድ ጭና የወሰደችው ስመ መንግሥት ደግሞ ብርሃን ሞገሳ ነው። ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሰጠችውን መሬት የሚከታተል ሰው በአንዱ ስም ብቻ ከጠየቀ ግማሹን ያጣል። የእቴጌ ጣይቱም ማኅተም ብርሃን ዘኢትዮጵያ ይላል። በዚህ ላይ የፊደል ጉዳይ አለ። «ፀሐይ» በጸሎቱ «ጸ» ከተጻፈ፣ «እሌኒ» በዐይኑ «ዕ» ከተጻፈች ኮምፒዩተሩ ሌላ ቃል ይመስለዋል፤ ሦስቱን «ሀ» እና ሁለቱን «ሰ» እየለዋወጡ መጠየቅ ያስፈልጋል። በላቲን ፊደል ሲሆን ነገሩ ይብሳል። «ወለተ» የሚለውን ቃል አንዱ ሊቅ በነጥብ፣ ሌላው ያለ ነጥብ፣ ጣሊያኑ በአንድ መንገድ፣ ጀርመኑ በሌላ መንገድ ይጽፈዋል። መሰልቸት ያመጣል፤ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ሰነዱ በወንድ ስም ሲመዘገብ ነው። ከሐድያ የመጣችው፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበረችውና በልብነ ድንግል ሕፃንነት ጊዜ መንግሥቱን የጠበቀችው እሌኒ እ.ኤ.አ. በ1509 ለፖርቱጋሉ ንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤ ልካለች። መልእክተኛው ማቴዎስ ሊዝቦን የደረሰው በ1514 ነው። የደብዳቤውን ቃል በላቲን ያሳተመው ደሚያዎ ደ ጎይስ የ1532 መጽሐፉን የሰየመው ግን «የፕሬስተር ዮሐንስ መልእክት» በሚል መንፈስ ነው። ጸሐፊዋ ሴት ናት፤ በርእሱ ላይ የቆመው አውሮፓውያን በምናባቸው የፈጠሩት ንጉሥ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ እሌኒ የጻፈውም እ.ኤ.አ. በ1540 የታተመ የፕሬስተር ዮሐንስ አገር መጽሐፍ ውስጥ ነው። እሌኒን በእሌኒ ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም አያገኛቸውም።

አንድ ምሳሌ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1642 የኖረች መነኩሲት ናት። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ባለሟልና የጦር አዛዥ ነበር። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ባዘነበለ ጊዜ እርሷ ባሏን ትታ መነኰሰች፤ እኅተ ክርስቶስን ጓደኛ አድርጋ፣ እየተሰደደች፣ እየተጋዘች፣ ተከታዮቿን በየማኅበሩ እያሰባሰበች ቆየች። ሱስንዮስ በ1632 የቀድሞውን እምነት ሲመልስ እርሷ በሕይወት ነበረች። በሞተች በ30 ዓመቷ፣ በ1672፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ በሕይወት ካዩዋት ሰዎች ቃል እየሰበሰበ ገድሏን ጻፈ። እንግዲህ ይህ መጽሐፍ ስለ አንዲት አገር ወዳድ ሴት ብቻ የሚናገር አይደለም። የምግብ አሠራር፣ የበሽታና የሞት ሁኔታ፣ የእህል አፈጫጨት፣ የታንኳ ጉዞ፣ በሴት ማኅበር ውስጥ ያለው የሥልጣን ሥርዓትና ጠብ ሁሉ በውስጡ አለ። የ17ኛውን መቶ ዓመት ሴቶች ዕለታዊ ኑሮ ይህን ያህል ቀርቦ የሚያሳይ ጽሑፍ በግእዝ ብዙ የለንም።

ኮንቲ ሮሲኒ ግእዙን እ.ኤ.አ. በ1912 ካሳተመ በኋላ መጽሐፉ በሊቃውንት መደርደሪያ ላይ ቆየ። በ1970 ላንፍራንኮ ሪቺ ወደ ጣሊያንኛ መለሰው። በ2015 ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር ሌሎች ቅጂዎችን አመሳክረው የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ባወጡ ጊዜ ግን ወለተ ጴጥሮስ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ታወቀች፤ ወዲያውም ክርክር ተነሣ። ትርጉሙ በቅድስቲቱና በመነኮሳይያቱ መካከል ስለነበረው ፍቅር የሰጠውን ንባብ ከኢትዮጵያውያን ምሁራንና ምእመናን አያሌዎቹ አጥብቀው ተቃወሙ፤ የግእዙ ቃል ያልያዘውን ትርጉም ተሸክሟል፣ የውጭ ሰው ዓይን ተጭኖበታል አሉ። ተርጓሚዎቹ በበኩላቸው ንባባቸውን ደገፉ።

በዚህ ክርክር ውስጥ የእኛ አንባቢ ከወዴት ይቆማል? የቤልቸርን እንግሊዝኛ ብቻ ያነበበም፣ የተቃዋሚዎቹን መጣጥፍ ብቻ ያነበበም ዳኛ ሊሆን አይችልም። ዳኝነት የሚቻለው ከግእዙ ላይ ነው። ግእዝ በቅኔ ቤት የተማረ አንድ ወጣት፣ ዩኒቨርሲቲ ባይገባም፣ የክርክሩን ቃል በየቅጂው ላይ ራሱ አይቶ ከታላላቅ ሊቃውንት ጋር ሊሟገት የሚችልበት ዘመን ላይ ነን። በእኔ እምነት ከዚህ ሁሉ ቴክኒክ የተገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። የሚያሳዝነው ግን ክርክሩ እስካሁን በአብዛኛው የተካሄደው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው፤ ገድሉ የተጻፈባት አገር መምህር ስለ ወለተ ጴጥሮስ ለማስተማር ሲፈልግ ቀድሞ የሚያገኘው በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ነው። ከወለተ ጴጥሮስ ሌላ የክርስቶስ ሠምራ፣ የፍቅርተ ክርስቶስና የሌሎችም ቅዱሳት አንስት ገድላት አሉ፤ ሰላማዊት መካ እ.ኤ.አ. በ2006 በሁለቱ ላይ ያሳተሙት ጥናት መንገዱን ያሳያል።

ባለመሬቶቹንና ባለገድሎቹን እዚህ ላይ ልተውና ምንም ያልነበራቸውን ሴቶች ላንሣ። የተሸጠች ባሪያ በውል ውስጥ ብትገኝ ሸቀጥ ሆና ነው። ሆኖም የአስቴር ጋኖ ነገር ሁልጊዜም እንዲህ እንዳልነበር ያሳያል። አስቴር በልጅነቷ ለባርነት ተዳርጋ ወደ ዐረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 የኢጣሊያ መርከብ ከያዛቸው ባሮች መካከል ነፃ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና በ1894 የታተመውን የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጀች። በውስጡ ያሉትን ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች ከቃል ወደ ጽሕፈት ያመጣችው በዋናው እርሷ ናት፤ በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ያደረገችው አስተዋጽኦ ከፍተኛ ነበር። ነገር ግን በብዙ ካታሎግ ውስጥ የሚነበበው የኦነሲሞስ ስም ነው። የኦነሲሞስን ታላቅነት ማንም አይክድም። የኦሮሞን ሥነ ቃል ቀደም ብሎ በኅትመት ካዋሉት እጆች አንዱ የሴት እጅ መሆኑ ግን በየትምህርት ቤቱ መታወቅ አለበት። አስቴርን የሚፈልግ ሰው የሚሲዮኑን ስም፣ የኦነሲሞስን ስምና የቦታውን ስም ይዞ መነሣት ይኖርበታል፤ የራሷን ስም መጨረሻ ላይ ያገኘዋል።

የጠላት መዝገብም ምንጭ ነው። የኢየሱሳውያን ካህናት በ17ኛው መቶ ዓመት የጻፏቸው ደብዳቤዎችና ታሪኮች፣ ቤካሪ እ.ኤ.አ. ከ1903 እስከ 1917 በ15 ጥራዞች አሳትሟቸው ዛሬ በኢንተርኔት የሚነበቡት፣ ወለተ ጴጥሮስ የኖረችበትን ዘመን ከተቃራኒው ወገን ያሳያሉ። የፋሺስት ኢጣሊያም ሉቼ የተባለው የፊልም ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው፣ ከወረራው ዓመታት ያስቀረውን ፊልምና ፎቶግራፍ በድረ ገጹ ዘርግቶታል። በዚያ ውስጥ ኢትዮጵያዊት ሴት የምትታየው እህል ስትወቅጥ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ወይም በወታደር ፊት ቆማ ነው። የሥዕሉ መግለጫ ስም አይሰጣትም። ባሏ ደጃዝማች አበራ ካሣ ከተገደለ በኋላ ጦር የመራችው ከበደች ሥዩም፣ ወይም በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ አርበኞችን ያዘመተችው ሸዋረገድ ገድሌ በዚያ መስታወት ውስጥ አትታይም፤ ጠላት የሚፈራውን ፎቶግራፍ አንሥቶ አያሳይም። ስለሆነም እንዲህ ያለውን ምስል የሚጠቀም ሠዓሊ ወይም የፊልም ባለሙያ ካሜራው የቆመበትን ወገን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ያንን ጠይቆ ደግሞ የልብሱን፣ የቤቱን፣ የመንገዱን ዝርዝር ያለ ፍርሃት ሊወስድ ይችላል።

ከዚያው ዘመን አንድ ቤተሰብ ብቻ ብናነሣ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጆች ከኢጣሊያ ደሴት ከአዚናራ ግዞት ተመልሰዋል። ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን በ1942 ዓ.ም. አሳተመች፤ እ.ኤ.አ. በ1957ም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጠች። ታናሽ እህቷ፣ በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባለችው፣ በፒያኖ ሥራዎቿ በዓለም ታውቃ እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም አረፈች። የአንዷ ሰነድ ቃል፣ የሌላዋ ድምፅ ነው። የእማሆይን ድምፅ ዛሬ ማንም በኢንተርኔት ይሰማዋል። የስንዱንና የዘመን ጓደኞቿን ጽሑፎች ለማግኘት ግን አሁንም ወመዘክርና የጥናትና ምርምሩ ተቋም ድረስ ሄዶ ጥራዝ ማገላበጥ የሚያዋጣ ነው። ኢንተርኔት ሁሉን ይዟል ብሎ ቤተ መጻሕፍት መተው አላዋቂነት ነው።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒዩተር ወንበዴዎች ተመትቶ በድረ ገጹ ላይ ያሉት የብራና ምስሎች ለረዥም ጊዜ ተቋርጠው ነበር። የመቅደላን መጻሕፍት ከአዲስ አበባም ሆነ ከጎንደር በኮምፒዩተር ሲያነብ የነበረው ተማሪ በአንድ ሌሊት ከዘመነ ማይክሮፊልም በፊት ወደነበረበት ተመለሰ። መጽሐፉ በሰው እጅ፣ ምስሉም በሰው መሣሪያ ላይ ሲሆን መቋረጡ የማይቀር ነው። ስለዚህ ምስል ያገኘ አንባቢ የስብስቡን ስም፣ የመጽሐፉን ቁጥር፣ የቅጠሉን ቁጥርና ፊቱን ወይም ጀርባውን መሆኑን በደብተሩ ላይ ወዲያው ይጻፍ፤ የኅዳጉንም ቃል ሳይተረጉም በቀጥታ ይገልብጥ። ድረ ገጹ ቢዘጋ ይህ ቁጥር ሌላው ቅጂ ወዳለበት ያደርሰዋል። ከሰነዱ ጋር የደብሩ ስም ካለ ያንንም ይያዝ፤ በየገዳሙ ያሉት ገበዞችና መሪጌቶች ካታሎጉ ያልያዘውን የወይዘሮይቱን ትውልድ በቃላቸው የሚያውቁበት ጊዜ ብዙ ነውና። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሲያቀርብም መጽሐፉ ለእነርሱ የሚቀደስበት ንዋየ ቅድሳት መሆኑን አይርሳ።

ከመምህራን ወገን ሊደረግ የሚቻለው ሥራ ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው። አንድ የታሪክ ክፍል ግእዝ ከሚያውቅ አንድ ሰው ጋር ሆኖ ከሂል ስብስብ አንድ የጎንደር መጽሐፍ ይመርጥ፤ የኅዳግ ማስታወሻዎቹን ይከፋፈል፤ «ሤጠት» የምትለዋን ግሥ የያዘውን መስመር ሁሉ ያውጣ። ከዚያ የሻጭቱን ስም፣ የመሬቱን ስም፣ ዋጋውን፣ እማኞቹን በሰሌዳ ላይ ይዘርዝር። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ባሏ ማን እንደነበር ነው፤ በአንዳንዱ ውል ላይ አልተጻፈም።